ሰው አልባ የሚባል ቦታ

«ሰው አልባ» የሚለው አባባል ለጆሮ ቀላል ነው። በካርታ ላይ እናነበዋለን፤ በጥናት ወረቀት ላይ፣ በኢንቨስትመንት ማስታወቂያ ላይም አይጠፋም። ግን ምን ማለት ነው? ዛሬ የሚኖርበት ሰው የለም ማለት ነው? ወይስ ከጥንት ጀምሮ ማንም ኖሮበት አያውቅም ማለት ነው? ሁለቱ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው በዓይን አይቶ የሚመሰከር ነገር ነው። ሁለተኛው ግን የታሪክ ፍርድ ነው፤ ፍርድ ደግሞ ምስክር ሳይሰማ አይሰጥም።

እኛ የመጽሐፍ ሰዎች «ደሴት» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ገዳም ነው። የጣናው ዳጋ እስጢፋኖስ፣ የዝዋዩ ደብረ ጽዮን ይታወሱናል። ደሴት ማለት በክፉ ቀን ታቦትና ብራና የሚሸሸግበት፣ ነገሥታት የሚቀበሩበት ስፍራ ነው። ብራና ስላለ ታሪክ አለ እንላለን። ብራና የሌለበት ደሴትስ? እሱን ለአሣና ለአዞ እንተወዋለን።

ከሁለት ዓመት በፊት ጋሞ ዞን፣ ጫኖ ሰንብቼ ነበር። ጫኖ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ በአባያ ሐይቅ ዳር ያለ የሙዝና የማንጎ አገር ነው። ሙዝ የጫኑ አይሱዙዎች ሌት ተቀን ወደ አዲስ አበባ ይጎርፋሉ። ዛሬ ይህን ልምላሜ ለሚያይ ሰው፣ ቆላው ድሮ የሚፈራ አገር እንደነበር ማመን ይቸግረዋል። የጋሞ ሕዝብ በብዛት የኖረው ከላይ፣ በዶርዜና በጨንቻ ደጋ ነው። ወደ ቆላው የሚወርደው ለከብቱና ለአደኑ ሲሆን፣ ወባን እየፈራ ነበር። የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማም አርባ ምንጭ ከመቆርቆሯ በፊት ጨንቻ ነበር። እንግዲህ ከደጋው አፋፍ ቁልቁል ያየ መንገደኛ ጫኖንም «ሰው አልባ» ሊለው ይችል ነበር ማለት ነው።

ከጫኖ ተነሥተን በሞተር ጀልባ ወደ አንዲት ትንሽ ደሴት ሄድን። አባያ ከኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በስፋት የሚስተካከለው የለም፤ ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጥልቀቱ ግን የጠለቀ በተባለበት ቦታ እንኳ ከ13 ሜትር ብዙ አያልፍም። ውኃው ቀይ ነው። ጎረቤቱ ጫሞ ሲጠራ፣ አባያ የሻይ በወተት መልክ ይዞ ይኖራል፤ ደቃቅ ደለል በውኃው ውስጥ ተንሳፎ ስለሚቀር ነው። ወንዞቹ ከደጋው እየጠረጉ የሚያወርዱት አፈር መጨረሻው እዚህ ነው። እንዲያው በሌላ አነጋገር፣ የሰው ማሳ ላይ ነበር የምንቀዝፈው።

ደሴቲቱ ዳርቻዋ ቋጥኝ ነው፤ ጀልባ የሚጠጋባት ቦታ አንድ ብቻ ነበር። ሣር፣ እሾሃማ ቁጥቋጦ፣ የወፍ ኩስ ያነጣው ድንጋይ፣ ጉማሬ የሄደበት የተደመደመ ጥርጊያ። ሌላ የለም።

«እዚህ ሰው ኖሮ ያውቃል?» አልኩት ጀልባ ነጂውን። ከሃያ ዓመት ብዙም አይበልጥ።

«አሁን የለም፣ ጋሼ።»

«ድሮስ?»

«ድሮማ ድሮ ነው» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ጨመረ። «ሽማግሌዎቹ ግን ድንጋዩንም ወደቡንም በስም ነው የሚጠሩት።»

እኔን የያዘኝ ይህ ነው። ማንም በማያርፍበት ቋጥኝ ላይ ስም ምን ይሠራል? ስም ያወጣ ሰው እኮ ወይ ኖሯል፣ ወይ አሥግሯል፣ ወይ ሸሽቶ ተጠግቷል። ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ሮቢንሰን ክሩሶ ትዝ አለኝ። የዳንኤል ዲፎው ክሩሶ ደሴቱን የብቻው አድርጎ ብዙ ዓመት ከኖረ በኋላ አንድ ቀን አሸዋ ላይ የሰው ዱካ ያያል። ሰው ናፍቆት የኖረው ሰውዬ ይደሰታል ብለን ስንጠብቅ በድንጋጤ ሮጦ ምሽጉ ይገባል። ለምን ቢሉ፣ ያቺ አንዲት ዱካ «ደሴቱ የኔ ነው» የሚለውን ታሪኩን ታፈርስበታለች።

አባያም የራሱ ክሩሶ ነበረው። ጣሊያናዊው አሳሽ ቪቶሪዮ ቦቴጎ ወደዚህ ሐይቅ የደረሰው በ1888 ዓ.ም. ነው፤ ዐድዋ በተዋጋንበት በዚያው ዓመት። የአገሩ ጦር በሰሜን ከተሸነፈ ገና ጥቂት ወራት ሳያልፉ፣ እሱ በደቡብ ሐይቃችንን በንጉሥ ኡምቤርቶ ቀዳማዊ ሚስት ስም «ንግሥት ማርጌሪታ» ብሎ ጠራው። ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን፤ ይህንን ያወጣው ግን መልአክ አልነበረም። ቦቴጎ ራሱ በመጋቢት 1889 ዓ.ም. ወለጋ ውስጥ ዳጋ ሮባ በተባለ ስፍራ ተገደለ። ያወጣው ስም ግን ከሱ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ፤ በውጭ ካርታና መጻሕፍት ላይ «ማርጌሪታ» እያለ ቆየ። በጀልባ ውኃውን የሚያቋርጡት ሰዎች በየዕለቱ የሚጠሩት ስም ካርታው ላይ አልነበረም።

እነዚያ ሰዎች እነማን ናቸው? ከአባያ ደሴቶች አንዷ ጊዲቾ ናት። እሷና ዙሪያዋ ባይሶና ሃሮ የሚባሉ ሁለት ሕዝቦች የኖሩባቸው ናቸው። እንደ ቡሽ ከቀለለ እንጨት ታንኳ ሠርተው ይቀዝፋሉ። ሃሮዎቹ በጉማሬ አደን የታወቁ ነበሩ፤ ቋንቋቸው ከኦሞአዊ ቤተሰብ ነው፣ የነጋሞ ዘመድ። የባይሶዎቹ ግን የሚገርም ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ሃሮልድ ፍሌሚንግ የተባለ ምሁር ባወጣው ጽሑፍ፣ ባይሶ የሶማሊኛና በሰሜን ኬንያ በረሃ የሚነገረው የሬንዲሌ ቋንቋ ዘመድ መሆኑን አሳየ። አስቡት፤ ዘመዶቹ ሁሉ ግመል የሚያረቡበት ቋንቋ፣ እሱ ጉማሬ በሚያጓራበት ሐይቅ መካከል ይነገራል! ይህን የመሰለ ጉዞ የመዘገበ ብራና የለም። መዝገቡ ቋንቋው ራሱ ነው።

ከዚህም በላይ አለ። አማርኛችን «አንበሳ»ና «አንበሶች» ብሎ በሁለት ይገላገላል። በ1987 እ.ኤ.አ. ግሬቪል ኮርቤትና ሪቻርድ ሄይዋርድ እንዳስረዱት፣ ባይሶ አራት መንገድ አለው። «ሉባን» ሲል አንድም ይሁን ብዙ ቁጥሩ ያልተነገረ አንበሳ ነው። «ሉባንቲቲ» አንድ አንበሳ፣ «ሉባንጃ» ጥቂት አንበሶች፣ «ሉባንጆል» ደግሞ ብዙ አንበሶች። ለ«ጥቂት» ራሱን የቻለ ቅርጽ አለው፤ ከሁለት እስከ ስድስት ገደማ ለሚሆን። ዓለም ላይ እንዲህ ያለው ብዙ ስላልሆነ የሥነ ልሳን ሊቃውንት ስለ ቁጥር ሲጽፉ ባይሶን ሳይጠሩ አያልፉም። እኛ የአገሩ ልጆችስ? ስንቶቻችን ስሙን ሰምተናል? ለጥቂቶች ሰዋስው ያበጀው ሕዝብ ራሱ ጥቂት ነው። ከደሴቱም ብዙዎቹ ወደ ሐይቁ ዳርቻ፣ ወደ አልጌና ወደ ሌሎች መንደሮች ወጥተዋል። ትምህርት ቤቱ፣ ገበያው፣ ሕክምናው ያለው እዚያ ነውና ማን ይፈርድባቸዋል?

በስኮትላንድ ምዕራብ፣ ቋጥኝ ከበዛበት ዳርቻ ማዶ፣ ሴንት ኪልዳ የምትባል ደሴት አለች። ነሐሴ 29 ቀን 1930 እ.ኤ.አ. የቀሩት 36 ነዋሪዎች በራሳቸው ጥያቄ በመርከብ ወጡ። ሲወጡ በየቤቱ የተገለጠ መጽሐፍ ቅዱስና እፍኝ አጃ ትተው ነበር ይባላል። ዛሬ ሴንት ኪልዳን «ሰው አልባ» የሚል ጎብኚ የለም፤ «ሰው የወጣባት» ነው የሚላት። ልዩነቱን ያመጣው ገና ሰዎቹ በሕይወት ሳሉ ስማቸውን፣ ዘፈናቸውንና የየቤቱን ታሪክ የጻፈ ሰው መኖሩ ነው።

በእኛው ሐይቅ ማዶ፣ በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ፣ በ1990 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች መንገድ ላይ ከሞተች ወፍ አንድ ክንፍ አገኙ። ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያ ክንፍ ብቻ ተመሥርተው አዲስ የሌሊት ወፍ ዝርያ ብለው ለዓለም አስተዋወቋት፤ በላቲን ስሟም «ሶላላ»፣ ክንፍ ብቻ ማለት ነው። (የሌሊት ወፍ ስል ጡት አጥቢዋን ሳይሆን ላባ ያላትን፣ በሌሊት የምትበረውን ነው።) ሳይንስ ይመስገን፣ ከአንድ ክንፍ ሙሉ ወፍ አየ። በዚያው ፓርክ ግን በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. የኮሬና የጉጂ ነዋሪዎች ቦታውን እንዲለቁ ተደርጎ፣ የጉጂዎች ጎጆዎች ተቃጥለዋል። ፓርኩን ያስተዳድር የነበረው የውጭ ድርጅትም በ2008 እ.ኤ.አ. ለቅቆ ሄደ። የዱር አራዊት መጠበቅ አለባቸው፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን ለአንድ ክንፍ ያን ያህል ትዕግሥት ካለን፣ ከብቱን እየነዳ ለኖረ ሰው ምስክርነት እንዴት ትዕግሥት እናጣለን?

«ሰው አልባ» የሚለው ቃል አደጋው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዴ ያለውን አይገልጽም፤ የሚፈለገውን ያዛል። መጀመሪያ በወረቀት ላይ ባዶ ይደረጋል፣ ቀጥሎ በመሬት ላይ።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የቋንቋ ተማሪዎች አሉ፤ ስልኩ ሁሉ ድምፅ ይቀዳል። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባል የለ? የአልጌ ልጅ አያቱን በጀልባ አሳፍሮ «ይህ ድንጋይ ማን ይባላል? ለምን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ቦቴጎ በዘመቻ ያላገኘውን በአንድ ከሰዓት ያገኛል። ችግሩ ጊዜው ብቻ ነው። ድንጋዩ ይቆያል፤ ስሙን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ግን «ሉባንጃ» ናቸው፤ ጥቂት።