የሞዴል ባቡር ሐዲድ መንደፊያ ሶፍትዌር

የሞዴል ባቡር ሐዲድ መንደፊያ ሶፍትዌር፣ የትንንሽ ባቡሮች ሐዲድ ጠረጴዛ ላይ ከመዘርጋቱ በፊት በኮምፒውተር የሚነደፍበት ፕሮግራም ነው። ተጠቃሚው የጠረጴዛውን ልክ ያስገባል፤ ከፋብሪካዎች የሐዲድ ማውጫ ቁራጭ እየመረጠ ይገጣጥማል፤ ሲጨርስ የሚገዛውን ዕቃ ዝርዝር ያወጣል።

ቀድሞ ሥራው በእርሳስና በወረቀት ነበር። አሜሪካዊው ጆን አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው የሐዲድ ዕቅድ መጽሐፍ፣ ቦታውን በኩርባው ራዲየስ ልክ በተሰሉ ካሬዎች ከፋፍሎ መንደፍን አስተምሯል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ከሌለ ግን እርሳስ ለሁሉም እሺ ባይ ነው። ሐዲድ ከሐዲድ የሚለይበት መቀየሪያ ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው አጥሮ ይሳላል፤ ስህተቱም የሚታወቀው ዕቃው ከተገዛ በኋላ ነው።

አቀበት ላይ ነገሩ ይብሳል። በብዛት በሚሠራበት ኤች ኦ በሚባለው ልክ (1፡87፣ የሐዲድ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር) አንዱ ሐዲድ በሌላው ላይ እንዲያልፍ 7.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያስፈልጋል። በ3 በመቶ አቀበት ይህን ለመውጣት 2.5 ሜትር መንገድ ይፈጃል፤ የአቀበቱ መጀመሪያና መጨረሻ ቀስ ብሎ እንዲቃና ደግሞ ተጨማሪ ርዝመት ይፈልጋል። ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ማቋረጥ የአፍታ ሥራ ነው። ጥሩ ፕሮግራም ግን የእያንዳንዱን ነጥብ ከፍታ ተቀብሎ አቀበቱን በመቶኛ ያሳያል።

ለምርጫ ዋናው መለኪያ የሐዲድ ማውጫው ነው። የጀርመኑ ሜርክሊን ትንሹ መደበኛ ኩርባ 360 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ሲኖረው፣ የአሜሪካው አትላስ በስፋት የታወቀበት 18 ኢንች፣ ማለትም 457 ሚሊ ሜትር ነው። የሚገዛው ሐዲድ በማውጫው ከሌለ የቀረው ሁሉ ትርፍ ነው። የቀድሞውን የጅቡቲ–አዲስ አበባ መስመር በ1፡87 ልሥራ የሚል ሰው፣ የዚያ ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ስለነበረ፣ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ የያዘ ማውጫ መፈለግ አለበት። ለአዲሱ መስመር፣ ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር በመሆኑ፣ የተለመደው 16.5 ይበቃል።

ቀጥሎ የሚታየው ኮምፒውተሩና ኪስ ነው። ኤክስትራክካድ ነጻና ክፍት ምንጭ ሲሆን በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል፤ ለመልመድ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ለዊንዶውስ የተሠራው ኤኒሬል ለጀማሪ ይቀላል፤ ያለ ክፍያ ግን እስከ 50 ቁራጭ ብቻ ይፈቅዳል። ስካርም ንድፉን በሦስት ገጽታ ያሳያል። ይህ ዐይን ይማርካል እንጂ፣ ድልድይና ዋሻ ለሌለው ትንሽ ጠረጴዛ ገንዘብ የሚከፈልበት ነገር አይደለም። ቴምፕሎት የተባለው የእንግሊዞች ፕሮግራም ደግሞ መቀየሪያውን ራሳቸው በእጃቸው ለሚሠሩ ነው።

ከመክፈል በፊት በነጻው ቅጂ የራስን ጠረጴዛ መንደፍና አንዱን ጠባብ ማዕዘን በሙሉ መጠን አትሞ እቦታው ላይ ማንጠፍ ይበጃል። አታሚው ምስሉን ከወረቀቱ ጋር እንዲያመጣጥን ከተተወ ሐዲዱ አንሶ ስለሚወጣ፣ እንጨት ከመቁረጥ በፊት የታተመውን በማስመሪያ መለካት ያስፈልጋል።