አቡጀዲውና ውሉ

ሁለት መንግሥታት ለከፍተኛ የንግድ ድርድር «ቅድመ ዝግጅት ላይ ናቸው» የሚል ዜና በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የአያቴ አቡጀዲ ነው። አትሳቁ፤ ነገሩ ታሪክ አለው።

ሮበርት ስኪነር ማርሴይ ላይ የአሜሪካ ቆንስል ነበር። ሰውየው አዲስ አበባን በዓይኑ ሳያይ ገበያችንን አውቆት ነበር። ቡናችንና ቆዳችን አሜሪካ ይደርሳል፤ የአሜሪካ ጥጥ ጨርቅ ደግሞ በኤደን ነጋዴዎች እጅ አልፎ ሀበሻ ትከሻ ላይ ያርፋል። በሁለቱ አገሮች መካከል ግን አንድም ውል የለም። ሸቀጡ ገብቷል፣ መንግሥቱ ገና ነው! ስኪነር ይህንን ለዋሽንግተን ደጋግሞ ካሳሰበ በኋላ ራሱ ተላከ። ከጅቡቲ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከዚያ ወዲህ ያው እንደ ደንቡ በበቅሎ።

ታኅሣሥ 8 ቀን 1896 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ታኅሣሥ 17 ቀን ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ተፈራረመ። ዘጠኝ ቀን ብቻ! (ምኒልክ ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ስለላኳቸው አንበሶች ብዙ ስለተወራ እዘለዋለሁ።)

የእኛስ ዝግጅት? የእኛ ዝግጅት ውጫሌ ነው። በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል አንቀጽ 17 አማርኛው ንጉሡ ከፈለጉ በኢጣሊያ በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መላላክ ይችላሉ ሲል፣ ኢጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው። የዚያ ልዩነት ዋጋ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ በደም ተከፈለ። እንዲህ የተቃጠለ ቤተ መንግሥት ቃል ሳይመዝን ይፈርማል ብዬ አላምንም። የ1896ቱ ውል በአማርኛና በፈረንሳይኛ ተጻፈ፤ ዕድሜውም ለ10 ዓመት ተወሰነ።

ስኪነርም የመጣበትን አላጣም፤ ለሌሎች መንግሥታት የተሰጠ የቀረጥ ጥቅም ለአሜሪካም ሆነ። ውሉ ለሁለቱም ወገን ነጋዴ ይሠራል፤ በወረቀት እኩል ነን። ግን እኮ በዚያ ዘመን ኒውዮርክ ላይ ሱቅ የከፈተ ሀበሻ እኔ አልሰማሁም። እኛ ለቃሉ ተዘጋጅተን ነበር፤ እነሱ ለጨርቁ።

አያቴ አቡጀዲዋን ከሳጥን አውጥታ እያጠፈች «አይ የፈረንጅ ሸማ!» ትል ነበር። ጎረቤታችን ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ይሰማታል። ቅር ብሎት እንደሆነ አልጠየቅሁትም።