የዋሽንግተን የባሕር ኃይል ግቢ

የዋሽንግተን የባሕር ኃይል ግቢ በዩናይትድ ስቴትስ ዋና ከተማ ደቡብ ምሥራቅ፣ በአናኮስቲያ ወንዝ ዳር የሚገኝ፣ በመርከብ መሥሪያነት ተጀምሮ የአስተዳደር ማዕከል የሆነ ወታደራዊ ግቢ ነው። የአገሪቱ ባሕር ኃይል በየብስ ላይ ካሉት ተቋማት ሁሉ በዕድሜ ቀዳሚ ነው።

ግቢው የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1799 ሲሆን የመጀመሪያው አዛዥ ቶማስ ቲንጊ ነበር። በነሐሴ 1814 የእንግሊዝ ጦር ወደ ከተማዋ ሲቃረብ፣ መርከቦቹና ግምጃ ቤቶቹ በጠላት እጅ እንዳይወድቁ ከበላይ በመጣ ትእዛዝ ቲንጊ ራሱ ግቢውን አቃጠለው። ቤንጃሚን ላትሮብ የነደፈው ዋና በር ከእሳቱ ተርፎ ዛሬም ቆሟል።

የግቢውን ዕጣ ከቃጠሎው ይልቅ የወሰነው ወንዙ ነው። አናኮስቲያ ጥልቀት የሌለውና ደለል የሚሞላው በመሆኑ ትልልቅ መርከቦችን ለመሥራት አልተመቸም፤ ስለዚህም ሥራው ቀስ በቀስ ወደ ጦር መሣሪያ ዞረ። ጆን ዳልግሬን በስሙ የሚጠራውን መድፍ ያዳበረው እዚህ ነው። በ1886 ግቢው ለመላው ባሕር ኃይል የመድፍ ፋብሪካ እንዲሆን ተወሰነ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ በባቡር ሐዲድ ላይ የተተኮሱት ባለ14 ኢንች መድፎችም የተሠሩት በዚሁ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሠራተኛው ቁጥር ወደ 25,000 ተጠጋ።

የመሣሪያ ምርቱ በ1961 ቆመ፤ በመካከሉ ተለውጦ የነበረው የግቢው የቀድሞ ስም በ1964 ተመለሰ። ከፋብሪካዎቹ ብዙዎቹ ወደ ቢሮነት ተለወጡ። አሁን የባሕር ኃይል የባሕር ሥርዓቶች ዕዝ ዋና መሥሪያ ቤትና የባሕር ኃይሉ ቤተ መዘክር በግቢው ይገኛሉ፤ የቲንጊ መኖሪያ የነበረው ቤትም የባሕር ኃይሉ ኤታ ማዦር ሹም ይፋዊ መኖሪያ ነው። ግቢው በ1976 በብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስነት ተመዝግቧል።