ምጣዱ የት ተቀመጠ? የማብሰያ ዕቃና የቤተሰብ ማዕድ ከኩታበር እስከ ኮምቦልቻ

የቤት ውስጥ ዕቃ ሲሻሻል የሴቷ ድካም ይቀንሳል የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው። አሜሪካዊቷ የታሪክ ምሁር ሩት ሽዋርዝ ካዋን እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን እምነት ሞግታዋለች። በአገሯ ምድጃው ከእንጨት ወደ ጋዝ ሲዞር የቀረው ሥራ እንጨት ፈለጣ ነበር፤ እሱ ደግሞ የአባትና የወንዶች ልጆች ድርሻ ነበር። የእናትየው ሥራ እንዳለ ቀረ፤ አንዳንዱም ጨመረ። ክርክሩ ለእኛም ይጠቅማል፤ ኩታበር ላይ ሲደርስ ግን መልሱ ይለወጣል። ኩታበርን በመሰለ የወሎ ደጋ ጭራሮ የሚለቅሙትም፣ ኩበት የሚጠፈጥፉትም በአብዛኛው ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃ እዚህ የሚያሳርፈው ያችኑ የምትጋግረዋን ነው። ሆኖም ዕቃው ማን እንደሚጋግር አልለወጠም፤ የለወጠው መቼ፣ የትና ለማን እንደሚጋገር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከምጣዱ ነው። ሸክላው እስኪግል የሚፈጀው ማገዶ ብዙ ስለሆነ ለአንድ እንጀራ ብሎ እሳት የሚያነድ የለም። ሊጡ ተቦክቶ፣ አብሲት ተጥሎ፣ ኩፍ እስኪል ሁለት ሦስት ቀን ያልፋል፤ ከዚያ በአንድ መቀመጫ የበርካታ ቀን እንጀራ ይወጣል። የቤቱ ሳምንት በዚሁ ይከፈላል፤ በመጋገሪያው ቀን ትኩስ እንጀራ፣ ወደ መጨረሻው ፍርፍር፣ የተረፈው ድርቆሽ።

የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት መሠረት ከኢትዮጵያ ቤተሰቦች ሁለት ሦስተኛ የሚጠጉት በዋናነት የሚያበስሉት በሦስት ጉልቻ ነው። በ1980ዎቹ የመንግሥት የኢነርጂ ባለሙያዎች የሠሩት ምርጥ ምድጃ ለዚህ የተሰጠ መልስ ነበር። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የተቀረጹ ክፍሎች ተገጣጥመው ምጣዱን ይከባሉ፤ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ እንደሚቀንስ ይነገርለታል። ብልሃቱ ግን ከኋላው ነው፤ ጭሱ በሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ድስት ስለሚጣድ እንጀራው ሲጋገር ወጡም ይበስላል። እንከኑ ተመርጎ የሚተከል መሆኑ ነው፤ የራሱ ማድ ቤት ላለው እንጂ ለተከራይ የታሰበ አይመስልም።

የኤሌክትሪክ ምጣድም ቢሆን ሸክላ ነው። ከሥሩ በተፈለፈለ ቦይ የሚያግል ሽቦ ይዘረጋበታል፤ አክንባሎው በቆርቆሮ ክዳን ተተክቷል። ጭስ ስለሌለው ከማድ ቤት ወጥቶ መኖሪያ ክፍል ገባ፤ ጋጋሪዋ ከልጆቿና ከእንግዳዋ ጋር እየተጫወተች ትጋግራለች። ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም። የድሮውን ማጀት ወግ የሚናፍቁ ጸሐፊዎች አሉ፤ ጭሱን የሚናፍቅ ግን ያልጋገረ ሰው ነው።

በዚህ ፈንታ የመጋገሪያውን ቀን የሚወስነው መብራት ሆነ። ኃይሉ ሲደክም ምጣዱ አይግልም፤ ሊጡ ይመጥጣል፤ መብራት በእኩለ ሌሊት ከመጣ ሴትየዋ በእኩለ ሌሊት ትነሣለች። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በሰሜኑ ጦርነት ተይዘው መብራት በጠፋባቸው ሳምንታት፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻ የነበረው ቤት ወደ ጉልቻ ከመመለስ በቀር ምርጫ አልነበረውም።

የቆጣሪው ጉዳይ ከዚህ ይከፋል። አንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ ሁለት ምጣድ በአንድ ጊዜ መስመሩ አይችልም፤ አከራዩም አስቀድሞ «ምጣድ አይቻልም» ይላል። ስለዚህ በደሴ ተከራይቶ የሚኖር ወጣት፣ በ2009 በተከፈተው የኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ ሴትም ብትሆን፣ እንጀራ ከሱቅ ይገዛሉ። እንጀራ በቁጥር ሲገዛ ማዕዱም በቁጥር ይሆናል፤ መሶብ ሙሉ በሆነበት ቤት ድንገት የመጣ እንግዳ «እንብላ» ይባላል፤ አራት እንጀራ በተገዛበት ቤት ግን ሒሳብ ነው። የወሎ ሰው ይህን ሒሳብ አፍ አውጥቶ አይናገረውም፤ ጎረቤቱ ቤት በራት ሰዓት መግባቱን ግን ይቀንሳል።

ከፍታም በማዕዱ ላይ ድርሻ አለው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ግድም ነው፤ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ በ94 ነው። ባቄላና አተር በደጋው እሳት ይፈጃሉ። ሽሮ በደጋ ቤቶች ዘወትራዊ ወጥ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ እህሉ አስቀድሞ ተቆልቶና ተፈጭቶ ስለሚቀመጥ ምድጃው ላይ አይቆይም። በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል ድስት ሙቀቱን ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚያደርስ ከምጣድ ይልቅ ለኩታበር የሚበጀው እሱ ሊሆን ይችላል።

የሴቷን ጀርባ ከሁሉ ይልቅ ያሳረፈው መሣሪያ ግን ማጀት ውስጥ የለም፤ ወፍጮ ቤት ነው። በመጅ ሌሊቱን ይፈጭ የነበረ እህል አሁን በአህያ ተጭኖ ይሄዳል፤ ጫኙ ልጅ፣ ፈጪው የወፍጮ ባለቤት ነው። ሥራው ከቤት ስለወጣ ባለቤቱ ተለወጠ። የእንጀራ ሻጯ ቤትም ይህንኑ ያደረገ ይመስላል፤ ነገር ግን ድካሙ የሄደው ወደ ሌላ፣ ብዙ ጊዜም ይበልጥ ወደ ደኸየች ሴት ነው።

ወደ ኤሌክትሪክ ምጣዱ እንመለስ፤ በኅዳር 2011 የመብራት ታሪፍ ጭማሪ ሲጀመር በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀሙ ቤቶች ከጭማሪው ነፃ ሆነው ነበር፤ ድሆችን ለመጠበቅ ነው። እናስላው፤ 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ ምጣድ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሁለት ሁለት ሰዓት ቢበራ በአራት ሳምንት ብቻ 56 ይሆናል። አምፖሉና ሬዲዮው ገና አልተቆጠሩም። እንጀራ የሚጋግር ቤት በዚህ ስሌት ድሃ አይደለም ማለት ነው። በደቡብ ወሎ ገጠሮች መስመር የሚዘረጉም ሆኑ ታሪፍ የሚያወጡ ሰዎች ከአምፖል በፊት ምጣዱን ይቁጠሩ።