ኪስመት፣ ነሲብ፣ ዕጣ ፈንታ፦ ለመሆኑ አካፋዩ ማን ነው?

(ከሮተርዳም፣ ሆላንድ)

እዚህ ሮተርዳም ገበያ የማውቀው ቱርካዊ አትክልት ሻጭ አንድ ነገር ባልተሳካለት ቁጥር «ኪስመት!» ይላል። ዕድሌ ነው ማለቱ ነው። ቃሉን ቱርኮች ከዐረብኛ ተዋሱት፤ ከእነሱም ወደ አውሮፓ ቋንቋዎች ገባ። ሥሩ «ቀሰመ» ነው፤ በዐረብኛ ከፈለ፣ አካፈለ ማለት ነው። እናም ኪስመት ድርሻ ነው።

እኛም ከዚያው ከዐረብኛ የተዋስነው ቃል አለን፤ ነሲብ። ዛሬ «በነሲብ ተናገረ» ስንል በግምት ማለታችን ነው። በዐረብኛ ግን ነሲብ ድርሻ ነው፤ ዕድልም ነው። የራሳችን ቃላትም ከዚህ አይርቁም። ዕድል «አደለ» ከሚለው ግስ ጋር አንድ ነው፤ ማደል ማከፋፈል ነው። ዕጣ ፈንታም እንዲሁ፤ አባቶቻችን የርስት መሬት ሲካፈሉ ዕጣ ይጣጣሉ ነበር። ሆላንዶችም «ሎት» ሲሉ ዕጣ ፈንታም የሎተሪ ትኬትም ማለታቸው ነው።

እንግዲህ ድርሻ ካለ አካፋይ አለ። አካፋዩ ፈጣሪ ነው ለሚል አማኝ መልስ የለኝም። በአገራችን ግን ብዙ ጊዜ ያካፈለው ባለሥልጣን ነው፤ እኛ ደግሞ «ዕጣ ፈንታቸው ነው» ብለን ስሙን እንሰርዝለታለን።

ለዚህ ምስክሬ ሩቅ አይደለም። ከሮተርዳም በባቡር ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ፣ ዘ ሄግ ላይ፣ የሆላንድ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 በጎጃም የደርግ ተጠሪ በነበረው በእሸቱ ዓለሙ ላይ በጦር ወንጀል የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደ። ከክሶቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1978 የተፈጸመው የ75 ወጣት እስረኞች ግድያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ይግባኝ ሰሚውም ፍርዱን አጸናው።

በዚያ ዘመን የልጆቿን ሬሳ እንኳ ያላገኘች እናት «ዕድላቸው ነው» እያለች ኖራለች። ምን ታድርግ? ሌላ ቃል አልተፈቀደላትም። ከ39 ዓመት በኋላ የባዕድ አገር ዳኞች የነገሩን ግን የልጆቹ ዕጣ ፈንታ የሰው ትእዛዝ እንደነበረ ነው።

ወገኖቼ፣ ከደርግ ወዲህም ግድያውና መፈናቀሉ አልቆመም። «ዕጣ ፈንታችን ነው» ከማለታችን በፊት ቃሉ ራሱ የሚጠይቀንን እንጠይቅ፦ ማን አካፈለው? ስሙም ይጻፍ፤ ይመዝገብ። የዘገየ ፍርድ አንድ ቀን ሲመጣ መዝገቡ ባዶ እንዳይሆንበት።

ቸር ይግጠመን።