የሻደይ ልጆችና የጥር ሠርግ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የዋግን ነገር ላውጋችሁ።

ዕለቱ ነሐሴ 16 ነው። የፍልሰታ ጾም ተፈቷል። ሰቆጣን የከበባት ደጋ፣ በበጋ አፈሩና ድንጋዩ የሚታየው ያ ሁሉ ገደል፣ ለጥቂት ሳምንታት ለምልሟል። ልጃገረዶቹ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ዓይናቸውን ተኩለው፣ ጥልፍ ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። ሻደይ የሚሉትን ረዥም ለምለም ቅጠል ደርድረው በወገባቸው ዙሪያ ያስሩታል። ልጅቱ ስትራመድ ቅጠሉ ይወዛወዛል፤ ከበሮው ሲጠና ደግሞ ከወገቧ ጋር ይዘላል። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ ከዚያ ከበሯቸውን ይዘው ከቤት ቤት ይዞራሉ። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል። ላስታ ላይ አሸንድዬ፣ ቆቦ ላይ ሶለል፣ ትግራይ ውስጥ አሸንዳ የሚባለው በዓል ዋግ ኽምራ ላይ ሻደይ ነው።

ልብ በሉ፣ ይህን በዓል የሚመሩት ሴቶች ልጆች ናቸው። ግጥሙን የሚያወጡት እነሱ፣ ከበሮውን የሚመቱት እነሱ፣ የትኛው ቤት እንደሚገባ የሚወስኑትም እነሱ ናቸው። የሰጣቸውን አባወራ ያወድሳሉ፣ የነፈጋቸውን ይወርፋሉ፤ ማንም አይቆጣቸውም። በሌላው ጊዜ በአባቷ ፊት ቀና ብላ የማትናገር ልጅ በሻደይ ሰሞን መንደሩን ሁሉ ታናግራለች። ሴት ልጅ ትማር ብለው ቴአትርና ሙዚቃ ይዘው ወደ ገጠር የሚወርዱ ሰዎች መጀመሪያ ማየት ያለባቸው ይህን ነው እላለሁ። መድረኩ ቀድሞም አለ፤ ተዋናዮቹም ከማንም በላይ ሥራቸውን ያውቁታል።

ታዲያ ሻደይ አልፎ፣ መስከረም ጠብቶ፣ ጥር ይመጣል። ጥር የሠርግ ወር ነው። ነሐሴ ላይ ግጥም ስታወጣ የነበረችው ልጅ ጥር ላይ ሽማግሌ ሊላክባት ይችላል። አባት ልጁን የሚድረው ጠልቷት አይደለም፤ «ወግ ማዕረጓን ሳላይ እንዳልሞት» ብሎ ነው። እናትም «ቁሞ ቀር» የሚለውን ስድብ ትፈራለች። ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው፣ መንገዱም ያሰጋል። የሚዛመዱት ቤተሰቦች ደግሞ በበሬና በመሬት ይደጋገፋሉ። በ2003 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ያሳየውም ልማዱ ምን ያህል የሰፋ እንደነበር ነው፤ ዋግ በሚገኝበት በአማራ ክልል ከ25 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች ግማሾቹ የተዳሩት 15 ዓመት ሳይሞላቸው ነበር።

ሕጉ አለ። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎታል፤ የወንጀል ሕጉም ከ13 ዓመት በታች ያለችን ልጅ ያገባ እስከ 7 ዓመት ይታሰራል ይላል። ግን ጎረቤቱን ከሶ ፍርድ ቤት የሚቆም ሰው ስንት ነው? ስለዚህም ነው ጥበብ የተጠራችው።

መጀመሪያ በሬዲዮ መጣች። «የቀን ቅኝት» የተባለው ተከታታይ ድራማ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍሎች ተላልፏል። ያን ጊዜ ሬዲዮ ያለው ቤት ጎረቤቱን ሰብስቦ ያደምጥ ነበር፤ አድማጮችም በሺህ የሚቆጠር ደብዳቤ ጻፉ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ «የኛ» የተባለው ዝግጅት ጀመረ። ሚሚ፣ ሜላት፣ እሙዬ፣ ሣራና ለምለም የተባሉ አምስት ገጸ ባሕርያት በአዲስ አበባና በአማራ ክልል በድራማም በዘፈንም ተሰሙ፤ ከአስቴር አወቀ ጋር «ጣይቱ» የተሰኘውን ዘፈን ያቀነቀኑትም እነሱ ናቸው። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ለ«የኛ» ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ አቆመ። የለንደን ጋዜጦች «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» እያሉ፣ የግብር ከፋይ ገንዘብ ለዘፈን ይወጣል ወይ ብለው ሲዘምቱ ከርመው ነበር። ያሳዝነኛል። የመንደር ልጅ የራሷን ጭንቀት በሌላ ሴት ልጅ ድምፅ መስማቷ ምን ያህል እንደሚያበረታት ለንደን ተቀምጦ አይታይም። «የኛ» ግን አልሞተም፤ ቆይቶ በቴሌቪዥን ተመልሷል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። እነዚህ ሥራዎች አማርኛ ናቸው። ዋግ ኽምራ ላይ ብዙዋ ልጅ አፏን የፈታችው በኽምጣኛ ነው፤ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትም በኽምጣኛ ይሰጣል። ለአያቷ የሚገባ ድራማ ከተፈለገ በአያቷ ቋንቋ መሠራት አለበት።

ደግሞ ጥበብ ብቻዋን አትበቃም። ምዕራብ ጎጃም፣ ሞሰቦ ላይ በ1996 ዓ.ም. «ብርሃነ ሔዋን» የሚባል ፕሮግራም ተጀምሮ ነበር። ልጃገረዶቹን በቡድን አሰባሰበ፣ ደብተርና እስክሪብቶ አቀረበ፣ ወላጆችን አወያየ፤ ልጁን ሳይድር ፕሮግራሙን ለጨረሰ ቤተሰብ አንዲት ፍየል ተሰጠች። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲጠና፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት የሞሰቦ ልጆች የመዳር ዕድላቸው ፕሮግራሙ ካልደረሰበት አካባቢ ልጆች አንጻር አንድ አሥረኛ ብቻ ሆነ፤ ትምህርት ቤት የመገኘታቸው ዕድል ደግሞ ሦስት እጥፍ። ከ15 ዓመት በላይ ያሉት ላይ ግን ጋብቻው በርክቶ ተገኘ፤ ሠርጉ ዘገየ እንጂ አልቀረም። እኔ ግን ይህንንም አልንቀውም። 12 ዓመቷ ላይ ባለመዳሯ ያገኘቻቸው ጥቂት ዓመታት ማንበብና መጻፍ የምትችልባቸው ናቸው።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ልውሰዳችሁ። በገጠር ትምህርት ቤቶች የልጃገረዶች ክበብ አለ፤ ሚኒ ሚዲያም አለ። የወላጆች ቀን ሲደርስ ክበቡ ድራማ ያዘጋጃል። አንዷ ጋቢ ደርባ፣ በከሰል ጢም ስላ አባት ትሆናለች። ሌሎቹ ዱላ ይዘው ሽማግሌ ሆነው ይገባሉ። «ልጅህን ለልጃችን ብለን መጥተናል።» ጋቢ የደረበችው ልጅ ጢሟን እየዳሰሰች ታስባለች። ወላጆች ይስቃሉ፤ ምክንያቱም አቀማመጡ፣ ጉሮሮ አጠራረጉ፣ ሁሉም የራሳቸው ነው። ከዚያ ሙሽራዋ ደብተሯን ይዛ ትቆማለች፦ «አባዬ፣ ስምንተኛን ልጨርስ።» ያን ጊዜ ሣቁ ይቆማል። ይህን ከአዲስ አበባ የሚመጣ ቡድን አይሠራውም። የልጅቱን አባት የሚያውቁት፣ የሽማግሌዎቹንም ስም የሚያውቁት የመንደሩ ልጆች ናቸውና።

ያለፉት ዓመታት ግን ለዋግ ክፉ ነበሩ። የሰሜኑ ጦርነት አገሩን አደቀቀው፤ ከአበርገሌና ከፃግብጂ የተፈናቀለው ሕዝብ ሰቆጣ ላይ ሰፈረ። በ2016 ዓ.ም. ድርቁ ቆላውን መታው። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮም በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ክበቡም ይበተናል፤ ቤት የዋለችውን ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ ደግሞ አይጠፋም። አስቀድሞ መመለስ ያለበት ሰላም ነው፤ ያለ እሱ የተናገርኩት ሁሉ ከንቱ ነው።

ሰላም ሆኖ ለሻደይ ወደ ሰቆጣ የምትወጡ፣ በተለይ ከአዲስ አበባና ከባሕር ማዶ የምትመጡ የዋግ ልጆች፣ አንድ ልመና አለኝ። የትምህርት ምዝገባ የሚጀመረው በዚያው በሻደይ ሰሞን ነው። ልጆቹ ከበሯቸውን ይዘው ደጃችሁ ሲደርሱ እንደ ወጉ ሸልሟቸው፤ ከሽልማቱም ጋር ደብተርና እስክሪብቶ ጨምሩበት። ግጥም አውጪዋንም ዘንድሮ ስንተኛ ክፍል እንደምትገባ፣ ተመዝግባም እንደሆነ አባቷ እየሰማ ጠይቋት።