ከቋሊማ መርዝ እስከ ፊኛ መድኃኒት፤ የአንድ ስያሜ ታሪክ

ቃል ከአገር አገር ሲሻገር ታሪኩን ይዞ ይሻገራል። ተርጓሚው ይህን ታሪክ ያላወቀ እንደሆነ አንባቢውን፣ በሕክምና ጊዜም በሽተኛውን ያሳስታል። ለዚህ አብነት ይሆነን ዘንድ «ቦቱሊነም» የተባለውን ስያሜ እንመልከት። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቃሉ የተገኘው ቋሊማ ማለት ከሆነው ከላቲኑ «ቦቱሉስ» ነው። ጀርመናዊው ሐኪምና ባለቅኔ ዩስቲኑስ ኬርነር በ1820 እና በ1822 ባሳተማቸው ጽሑፎች፣ በዉርተምበርግ የተበላሸ ቋሊማ በልተው የተመረዙትን ሰዎች ሁኔታ ዘርዝሮ፣ መርዙ በጥቂቱ ቢሰጥ ለፈውስ ሊውል እንደሚችል ገመተ። በ1895 በቤልጅግ፣ በኤልዜል መንደር፣ በቀብር ላይ የተገኙ ሙዚቀኞች የአሳማ ጭን ሥጋ በልተው በተመረዙ ጊዜ፣ ኤሚል ቫን ኤርመንገም ተህዋሲውን ለይቶ «ባሲለስ ቦቱሊነስ» ሲል ሰየመው። ተህዋሲው የተገኘው በጭን ሥጋ ሲሆን፣ ስሙ ግን በቋሊማ ጸና።

መርዙ፣ ነርቭ ጡንቻን የሚያዝበት አሴቲልኮሊን የተባለው ንጥረ ነገር እንዳይለቀቅ ያግዳል፤ ጡንቻውም ይዝላል። አሜሪካዊው የዓይን ሐኪም አለን ስኮት ለዓይን መንሸዋረር ማዋሉን በ1980 አስታወቀ። በ2013 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ሌላ መድኃኒት ላልበጃቸው የፊኛ ሕሙማን እንዲሰጥ ፈቀደ። ሐኪሙ በሽንት ቧንቧ በሚገባ መመልከቻ እየታገዘ፣ 100 ዩኒት በ20 ነጥቦች ከፋፍሎ የፊኛውን ጡንቻ ይወጋል። ኃይሉ ከወራት በኋላ ስለሚያልቅ መርፌው ይደገማል፤ አንዳንዱም በሽተኛ ሽንቱ አልወጣ ብሎት ለጊዜው በቱቦ መሽናት ግድ ይሆንበታል።

እዚህ ላይ ሁለት ችግሮች ያጋጥሙናል። የመጀመሪያው የሕመሙ ስም ነው። እንግሊዝኛውን ቃል በቃል «ከመጠን በላይ የሚሠራ ፊኛ» ብንለው ትጉህነትን ያስመስላል። ሕዝቡ ግን «ሽንት ያጣድፈኛል»፣ «መቋጠር አቃተኝ» ይላል። «አጣዳፊ ፊኛ» እንዳንል፣ «አጣዳፊ» በሕክምና ቋንቋ በድንገት ለሚነሣና ለሚበረታ በሽታ ተይዟል። ስለዚህ «ችኩል ፊኛ» የሚለውን ለውይይት እናቀርባለን።

ሁለተኛው «መርዝ» የሚለው ቃል ነው። ግእዙ «ሥራይ» መድኃኒትንም መርዝንም ይዟል፤ ሐኪሙንም «ዐቃቤ ሥራይ» ይለዋል። በአማርኛም «መድኃኒት አበሉት» ሲባል ፈውስ ማለት እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። እኛም መድኃኒቱን «ቦቱሊነም» ብለን እንድንጠራው፣ መርዝነቱንም በማብራሪያው ውስጥ በግልጽ እንድናኖር እንመክራለን። «መርዝ» የሚለው ቃል ለብቻው ቢጻፍ በሽተኛው ከሚበጀው ሕክምና ይሸሻል፤ ፈጽሞ ቢሰወር ደግሞ ፈቃዱን የሚሰጠው ለማያውቀው ነገር ይሆናል።